የቅዳሴ ቃለ ጉባኤ

አዴ ወርቅቱን የጊንጪ ሰው የሚያውቃቸው በነጭ ልብስ ነው። የሚለብሱትን ማለቴ አይደለም፤ የሚያጥቡትን ነው። የጤና ጣቢያው አንሶላ፣ የድሬሰሮቹ ጋውን፣ የሙሽሮች ነጠላ፣ የሽማግሌዎች ጋቢ ሁሉ በእሳቸው እጅ ያልፍ ነበር። እኔም የቀበሌ ጸሐፊ ሆኜ የተመረጥኩ ዕለት የለበስኳት ነጭ ሸሚዝ ከእሳቸው እጅ የወጣች ናት። አንገትጌዋ ላይ ቀለም ፈሶባት ነበር። ሦስት ቀን አቆይተው፣ ቀለሙን ድራሹን አጥፍተው፣ በከሰል ካውያ ተኩሰው ሲያስረክቡኝ፣ "ንዋይ፣ ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ቀለም ለወረቀት ነው እንጂ ለአንገት አይደለም" ብለው ተቆጡኝ።

ስለ ትልልቅ ሰዎች የሚጽፍ ሞልቷል። እኔ ስለ አንዲት ልብስ አጣቢ ብጽፍ የሚቀየመኝ ያለ አይመስለኝም፤ ካለም ይቀየም።

አዴ ወርቅቱ የተወለዱት ጭልሞ ደን ጥግ ነው። እናታቸው የሞቱባቸው በሕፃንነታቸው ነው። ዐሥር ዓመት ገደማ ሲሆናቸው እግራቸው ቆስሎ አልድን ይልና አባታቸው በበቅሎ ጭነው አምቦ ወደ ካቶሊክ ደናግሉ ክሊኒክ ይወስዷቸዋል። እግሩ በሁለት ወር ዳነ። ልጅቷ ግን አልሄደችም፤ ከደናግሉ ጋር ቀርታ ማጠብና መተኮስ ተማረች። ፊደልም ቆጠረች፣ ተጠመቀችም። ከሁሉ በላይ የተማሩት ግን የመሠዊያ ልብስ አጠባበቅ ነው ይሉ ነበር። ለእሱ የተለየ ሳፋ አለው፤ ከሌላ ልብስ ጋር አይቀላቀልም። ደግሞ የመጀመሪያው እጣቢ የትም አይደፋም። ሰው የማይረግጠው ዛፍ ሥር ተፈልጎ እዚያ ይፈስሳል። ከቅዱስ ቁርባኑ ፍርፋሪ ጨርቁ ላይ ቀርቶ እንደሆነ በእግር እንዳይረገጥ ነው።

ኋላ ኤጄታ የሚባል የጭልሞ ደን ጠባቂ አገቡና ጊንጪ ገቡ። ኤጄታ ዛፍ ወድቆበት ሞተ። ልጅም አልተወለደላቸውም። የጊንጪ ካቶሊኮች ያኔ ሠላሳ ቢሞሉ ነው፤ ከመኪናው መንገድ ጀርባ ሚስዮኑ ያሠራላቸው አንዲት ጸሎት ቤት ነበረቻቸው። አዴ ወርቅቱ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቁልፏን ያዙ። ጠዋት ከፍተው ይጠርጋሉ፣ ማታ የመሠዊያውን መብራት ዘይት ሞልተው ይዘጋሉ።

በስልሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት ጸሎት ቤቷ ተወርሳ የቀበሌያችን መሰብሰቢያ አዳራሽ ሆነች። አባ ተሬፋ የሚባሉት የአምቦ ቄስ መጥተው ቅዱስ ቁርባኑን በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው፣ ደረታቸው ላይ አቅፈው ወሰዱ። መስቀሉ ከጣራው ወረደ። አግዳሚዎቹ ባሉበት ቀሩ። መሠዊያው በነበረበት ግድግዳ ላይ ማርክስ፣ ኤንግልስና ሌኒን በአንድ ፍሬም ተሰቀሉ። ሚስማሩን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ አልዋሽም።

ካቶሊኮቹ ከዚያ በኋላ ቅዳሴ የሚያስቀድሱት በአዴ ወርቅቱ ቤት ነበር። ሁለት ክፍል ቤት ነበራቸውና የፊተኛዋን ለዚያ ለቀቁ። አባ ተሬፋ በወር አንድ ቅዳሜ ከአምቦ በአውቶቡስ ይመጣሉ። ለዚህ ደግሞ በየሦስት ወሩ የሚታደስ የቀበሌ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ያለ ፈቃድ ከአምስት ሰው በላይ መሰብሰብ ያስጠይቅ ነበር። የሰባ አንድ ዓመተ ምሕረቱ ፈቃድ የሚያበቃው በሆሳዕና ዕለት ነው። ካልታደሰ ጊንጪ ላይ ፋሲካ አይቀደስም ማለት ነው። ጤነኞቹ አምቦ ሄደው ያስቀድሱ ይሆናል። ኦቦ ኩምሳ ግን አይችሉም። እኒህ ሰማንያ ዓመት የተጠጋቸው ካቶሊክ ሽማግሌ ዐይናቸው ደክሟል፤ አውቶቡስ ላይ ከወጡ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። ያገኙትን ሰው ሁሉ "የዘንድሮን ፋሲካ ሳልቆርብ እንዳልሞት ጸልዩልኝ" ይሉ ነበር። አዴ ወርቅቱም "ቤቴ ይቀደሳል፤ ይቆርባሉ" ብለው ቃል ገብተውላቸዋል።

አሁን ወደ ስህተቱ ልምጣ።

እኛ ኦርቶዶክሶች ቤተ ክርስቲያን ስንደርስ ደጁን እንሳለማለን። ጴንጤዎቹ ዝም ብለው ገብተው ይቀመጣሉ። ካቶሊኮች ደግሞ የራሳቸው ወግ አላቸው። በእነሱ እምነት ከቅዳሴ የተረፈው ቅዱስ ቁርባን መሠዊያው ላይ ባለች ትንሽ ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል፤ ጌታ ራሱ እዚያ አለ። ስለዚህ አግዳሚ ላይ ከመቀመጣቸው በፊት ቀኝ ጉልበታቸውን መሬት አስነክተው ይሰግዳሉ። ልጆቻቸው ይህን የሚለምዱት ገና መራመድ ሲጀምሩ ነው።

አዴ ወርቅቱ ሦስት ዓመት ሙሉ የቀበሌ ስብሰባ አልረገጡም። ስብሰባው እሑድ ጠዋት ስለሆነ፣ እሑድ እሑድ የጤና ጣቢያውን ተረኝነት እየለመኑ ይወስዱ ነበር። ያችን ቤት እንዲያ ሆና ማየት አልፈለጉም። በዚያ ዓመት አዲስ ኃላፊ መጣና ተራውን ቀያየረው። ሁለት እሑድ ቀሩ፤ የስኳር ራሽናቸው ታገደ። ሦስተኛው እሑድ መጡ።

የዕለቱ አጀንዳ የመጸዳጃ ቤት ቁፋሮ ነበር። ከአምቦ፣ ከአውራጃው፣ አንድ ካድሬ እንግዳ ሆኖ መጥቶ ፊት ተቀምጧል። ሊቀመንበራችን ጓድ ደግፌ በእንግዳው ፊት ስለ ጉድጓዱ ጥልቀት እጁን ዘርግቶ በስሜት ያስረዳል። እኔ ጥግ ላይ ቃለ ጉባኤ እጽፋለሁ። በሩ ተከፈተና አዴ ወርቅቱ ዐይናቸውን መሬት ላይ ተክለው ገቡ። ቀኝ እጃቸው ወደ በሩ መቃን ሄደ። ድሮ የጠበል ሳህን እዚያ ነበር፤ ጣታቸው ባዶ ግድግዳ ነካና አማተቡ። ሦስተኛው አግዳሚ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ነጠላቸውን ሰብሰብ አደረጉ። ቀኝ ጉልበታቸውን መሬት አስነክተው፣ አንገታቸውን ደፍተው ሰገዱ።

ቀና ሲሉ ከፊታቸው ያሉት ማርክስ፣ ኤንግልስና ሌኒን ነበሩ።

ጓድ ደግፌ እጁን እንደዘረጋ ቀረ። ከኋላ አንዱ ቀልደኛ "ጓድ ማርክስ ስለት ሰምቶላቸው ይሆናል" አለና አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ያልሳቁት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ ካድሬው ነው፤ ማስታወሻውን አውጥቶ አንድ ነገር ጻፈ። ሁለተኛዋ አዴ ወርቅቱ ናቸው፤ ፊታቸው ዐመድ መስሎ ነበር። እኔ ስቄያለሁ።

ስብሰባው ሲያልቅ ጓድ ደግፌ ቢሮ ጠራኝ። ደግፌ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ፈሪ ነበር። ከአብዮቱ በፊት ልብስ ሰፊ ነበርና ሲጨንቀው የሌለ ክር ከኮቱ ላይ ይለቅማል።

"እንግዳው በሚቀጥለው እሑድ ተመልሶ መልሱን እሰማለሁ ብሏል" አለኝ። "ለሥዕሉ ሰግዳ ከሆነ አምልኮ ነው። በሥዕሉ አሹፋ ከሆነ ፀረ አብዮት ነው። ለቤቱ ሰግዳ ከሆነ ደግሞ የተወረሰው ይመለስ ማለቷ ነው። የትኛውን ልበል? በየትኛውም ብሄድ ፈቃዱን ማደስ አልችልም። እኔም ራሴ እጠየቃለሁ!"

"ጉልበታቸውን አሟቸው ነው ይባላ!" አልኩ። በዚህች ሐሳቤ ምን ያህል እንደኮራሁ ልነግራችሁ አልችልም።

ደግፌ ክር መልቀሙን ተወ። "ጻፈው" አለኝ። "ግለ ሂስ አድርጋ ታንብበው። ፈቃዱን በዚያው ቀን አድስላታለሁ።"

ማታውኑ አሳምሬ ጻፍኩ። "እኔ ወይዘሮ ወርቅቱ ለረጅም ጊዜ በቆየ የጉልበት ሕመም ምክንያት በስብሰባ መካከል ሳላስበው በመውደቄ…" ይላል። በማግስቱ ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። አንሶላ እየተኮሱ ነበር። ካውያውን አስቀምጠው፣ እጃቸውን ጠርገው፣ ቀስ ብለው እስከ መጨረሻው አነበቡት።

"ጽሕፈትህ ያምራል" አሉ።

"ጉልበትዎን አያምዎትም እንዴ?"

"ያመኛል እንጂ! ክረምት ሲገባማ ከአልጋ መውረድ ያቅተኛል።"

"እንግዲያው ምን ውሸት አለበት?"

"የለበትም" አሉና ወረቀቱን አጥፈው ደረታቸው ውስጥ ከተቱት። "ሐሙስ አምቦ ወርጄ አባ ተሬፋን እጠይቃለሁ። ያኔ እነግርሃለሁ።"

ዓርብ ጠዋት ስሄድ ነገሩ አልቆ ይጠብቀኛል ብዬ ነበር። አባ ተሬፋ "ጉልበትሽን የሚያምሽ ከሆነ ብትይው ኃጢአት የለበትም፤ ቅዳሴውም ይተርፋል" ብለዋቸዋል። ይህን እሳቸው ራሳቸው ናቸው የነገሩኝ። ደስ አለኝ። እስክሪብቶዬን አውጥቼ "በሉ ይፈርሙ" አልኩ።

"አልፈርምም" አሉ።

"ምነው? ቄሱ ፈቀዱ አይደል?"

"አባ ለእኔ አዝነው ነው። ስማኝ ልጄ። በሕይወቴ ሙሉ ለጌታ ተንበርክኬአለሁ። አሁን ተነሥቼ ያ ሁሉ ሕመም ነበር ልበል? ጉልበቴን አሞኝ ነው ካልኩ እኮ የዚያ ሁሉ ዓመት ስግደቴ በሽታ ነበር ማለት ነው። ይህን በሰው ፊት አልልም።"

ተናደድኩ። እልኸኝነት መሰለኝ፤ ደግሞ ያሳመርኩት ጽሑፍ ሜዳ ላይ ሊቀር ነው። "ኦቦ ኩምሳስ?" አልኳቸው። "ለእሳቸው የገቡት ቃል የት ደረሰ? በእርስዎ ኩራት ሽማግሌው ሳይቆርቡ ይሙቱ?"

ዐይናቸው እንባ ሞላ። ካውያውን አነሡ፣ መልሰው አስቀመጡት። "እሱን አታንሳብኝ" አሉ። "ሌሊቱን ሙሉ እሱን ነው የማስበው።" ወረቀቴን መለሱልኝ። ከዚያ ቤት ስወጣ በራሴ አፈርኩ፤ ግን ይቅርታ አልጠየቅሁም።

እሑድ አዳራሹ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። መጸዳጃ ቤት ለመቆፈር ያልመጣ ሰው ሁሉ ይህን ለማየት መጣ። ካድሬው ፊት ተቀምጧል። አዴ ወርቅቱ ገቡ። እኔ ጉልበታቸውን ነበር የማየው። ሦስተኛው አግዳሚ ጋ ሲደርሱ ትንሽ ዘገም አሉ፣ ግን አልሰገዱም። ቀጥ ብለው ወደ ፊት መጡና ቆሙ።

"አዴ ወርቅቱ፣" አለ ደግፌ፣ ድምፁ እየሻከረ፣ "ባለፈው እሑድ ጉልበትዎን አሞዎት እንደወደቁ ሰምተናል። እስቲ ለሕዝቡ ያስረዱ።" ደግ ነገር ነው ያደረገው፤ በሩን ራሱ ከፈተላቸው።

"አልወደቅሁም" አሉ። "ሰግጄ ነው።"

"ለማን?" አለ ካድሬው።

"ለጌታዬ።" እጃቸውን ወደ ሥዕሉ ዘረጉ። "እዚያ፣ መካከለኛው ሰውዬ ግንባር ላይ፣ ቅዱስ ቁርባን የሚያድርበት ሳጥን ነበር። በገባሁ ቁጥር እሰግድ ነበር። የዚያን ቀን ሳላስበው ሰገድሁ።"

ደግፌ ዐይኑን ጨፈነ። "አንቺ ሴትዮ፣ ምን እያልሽ ነው!" አለ በቀስታ። ከድንጋጤው የተነሣ አንቱታው ጠፍቶበት ነበር።

"አሁንስ? እዚያ አለ ነው የሚሉት?" አለ ካድሬው።

"የለም። አባ ይዘውት ሄደዋል፤ ቤቱ ባዶ ነው። ስለዚህ ተሳስቻለሁ። ጌታ በሌለበት፣ በሰው ሥዕል ፊት ሰገድሁ። ይህን ለአባ ተናዝዣለሁ። እናንተም ከተቀየማችሁ ይቅር በሉኝ። በዚህ ሥዕል እንዳላሾፍሁ በእግዚአብሔር ስም እምላለሁ። ቤቱን መልሱልኝም አላልሁ። እኔ አንድ ክፍል አለችኝ፤ እሷ ትበቃናለች። እሷን ብቻ አትከልክሉን። ማሎ፣ እለምናችኋለሁ።"

ማንም አልሳቀም። እኔ መጻፍ ትቼ አፌን ከፍቼ አያቸው ነበር። ድምፃቸው አንድም ጊዜ አልተሰበረም።

ካድሬው ማስታወሻውን አገላበጠ። "እዚያ ክፍል ውስጥ ስትሰበሰቡ ምንድን ነው የምትወያዩት?" አለ።

"አንወያይም።"

"ታዲያ ምን ታደርጋላችሁ?"

"እንጸልያለን፣ እንቆርባለን። ከዚያ ዝም እንላለን።"

"ዝም ብላችሁስ?"

"ዝም ብለን ከጌታ ጋር እንሆናለን።"

ይህ የዝምታ ነገር ለካድሬው አልተዋጠለትም። ተናግረው ቢሆን ይገባው ነበር። ከደግፌ ጋር ተንሾካሾኩና በመጨረሻ እንዲህ ተባለ፦ ፈቃዱ ሊያበቃ ሲል፣ በሆሳዕና ዋዜማ ቅዳሜ፣ አንድ ቅዳሴ አላቸው። የቀበሌው ጸሐፊ እዚያ ተገኝቶ የስብሰባውን ቃለ ጉባኤ ይያዝ። ሴትዮዋ እንዳለችው ከሆነ ሊቀመንበሩ ያድስ። ሌላ ነገር ካለበት ክፍሉ ይታሸግ፣ እሳቸውም ይጠየቁ። ሁሉም ዞረው እኔን አዩኝ። የቅዳሴ ቃለ ጉባኤ እንዴት እንደሚያዝ የሚያውቅ ካለ ያን ቀን ብጠይቀው ደስ ባለኝ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት ደብተሬን ይዤ ሄድኩ። አዴ ወርቅቱ ክፍሏን አዲስ ለቅልቀው ሰሌን አንጥፈውባታል። የምግብ ጠረጴዛቸው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፤ ከላዩ የተነጠፈውን ጨርቅ ያህል ነጭ ነገር ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም። አንድ መጨማደድ አልነበረበትም። ለእኔ ከፊት፣ ከጎን በኩል፣ አንድ በርጩማ አስቀምጠውልኛል። "ከዚህ ሁሉንም ታያለህ" አሉኝ። የምደበቅበት ጥግ ነበር የፈለግሁት።

ሰው ገባ። ቆጠርኩ፤ ሃያ ሦስት። ኦቦ ኩምሳን ሁለት ሰዎች ደግፈው አስገቧቸው። አባ ተሬፋ ልብሰ ተክህኗቸውን ለበሱና ቅዳሴው ተጀመረ። ጸሎቱ በአማርኛ፣ መዝሙሩ በኦሮምኛ ነበር። እኔ "ቀን"፣ "ቦታ"፣ "የተገኙ ሰዎች ብዛት" ብዬ ጻፍኩ። "አጀንዳ" ከሚለው ሥር "ቅዳሴ" አልኩ። "የቀረቡ አስተያየቶች" ከሚለው ሥር የምጽፈው አጣሁ። አባ ተሬፋ በስብከታቸው የተናገሩት በአህያ ላይ ስለ ተቀመጠው ጌታ ነው። አህያይቱንም ጻፍኳት።

ቁርባን ላይ ሁሉም አንድ በአንድ እየቀረቡ በአፋቸው ተቀበሉ። ኦቦ ኩምሳ መነሣት ስላልቻሉ አባ ወደ እሳቸው መጡ፤ የተቀመጡት ከእኔ አጠገብ ነው። አዴ ወርቅቱ ከአገጫቸው ሥር ትንሽ ሳህን ይዘዋል። ሽማግሌው ልክ ሲቀበሉ ሳል ያዛቸው። የኅብስቱ ጫፍ ተሰበረ። ሳህኑን ስታ ወደቀች።

"ማንም እግሩን እንዳያነሣ" አሉ አባ ተሬፋ፣ ድምፃቸውን ሳያሰሙ ማለት ይቻላል።

መዝሙሩ ቆመ። አባ ጽዋቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው መጡና እኔ እግር ሥር በጉልበታቸው ተንበረከኩ። አዴ ወርቅቱ ሻማ አምጥተው አጠገባቸው ተንበረከኩ። ሃያ ሦስት ሰው እስትንፋሱን ይዞ ቆመ። ኦቦ ኩምሳ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ያለ ድምፅ ያለቅሱ ነበር፤ "እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት" ይላሉ። አዴ ወርቅቱ የሽማግሌውን ጉልበት ይዘው "አይዞዎት፣ እናገኘዋለን" ይሏቸዋል። አባ ሰሌኑን ስንጥር በስንጥር ይፈልጋሉ። ሦስት ደቂቃ፣ አራት ደቂቃ፣ አምስት ደቂቃ። እኔ የግራ እግሬን ተረከዝ እንደ ሰቀልኩ ደንዝዤ ቀርቻለሁ። ቁርጭምጭሚቴ ይቆጠቁጠኛል። እግሬን የማሳርፍበትን ቦታ ለማየት ዝቅ ስል አየኋት። ከጫማዬ ሥር፣ ልረግጣት ከነበረበት ቦታ ላይ፣ የጤፍ ፍሬ የምታክል ነጭ ነገር ሰሌኑ ስንጥር ውስጥ ተቀምጣለች።

ላነሣት እጄን ሰደድኩ። እጄ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ፤ አልሄድ አለኝ።

"አባ፣" አልኩ፣ "እዚህ ናት።"

አባ ተሬፋ በጣታቸው አንሥተው ተቀበሏት። አዴ ወርቅቱ በውኃ በረጠበ ነጭ ጨርቅ ቦታዋን ደጋግመው ጠረጉ። ከዚያ ሁሉም ባለበት ተንበረከከና ያ የተባለው ዝምታ መጣ። ከውጭ የአውቶቡስ ጥሩንባ ተሰማ፤ የሚያልፍ መኪና ነው፤ አለፈ። እኔ ስብሰባ ላይ የተቀመጥኩባቸውን ዓመታት አሰብኩ። በእነዚያ ስብሰባዎች ሁሉ ሰው ለአንዲት ነገር እንዲህ ሲጠነቀቅ አላየሁም። ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ሥዕሉ ሚስማር አዘንኩ። አልቅሼ ነበር፤ ማንም ያየኝ አይመስለኝም።

ሁሉም ከሄደ በኋላ አዴ ወርቅቱ ያን ጨርቅ በሳፋ አጥበው እጣቢውን ይዘው ወደ ጓሮ ወጡ። የጸሐፊነቴ ነገር ነውና ተከተልኳቸው። አንዲት የወይራ ዛፍ ሥር በቀስታ አፈሰሱት። ዙሪያዋ በእሾህ ታጥሯል። "ይህንንም ጻፈው" አሉኝ ሳይዞሩ።

ሰኞ ጠዋት ቃለ ጉባኤውን ደግፌ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ።

"የተደረገ ውይይት፦ የለም። የተላለፈ ውሳኔ፦ የለም። ልዩ ሁኔታ፦ አንዲት የቁርባን ፍርፋሪ ወድቃ እስክትገኝ ድረስ ሥነ ሥርዓቱ ስምንት ደቂቃ ተቋርጧል።" ወረቀቱን ዝቅ አድርጎ አየኝ። "ምን ያህል ነው የምታክለው?"

"የጤፍ ፍሬ ብትሆን ነው።"

"ለእሷ ነው ስምንት ደቂቃ?"

"ለእሷ።"

"ማን አገኛት?"

"እኔ።"

"እየቀለድክ ከሆነ ንዋይ፣ ይህ ነገር አውራጃ ነው የሚሄደው!"

"አልቀለድኩም" አልኩ። ድምፄ እንደ ልማዴ አልነበረም መሰለኝ፤ ትኩር ብሎ አየኝ።

ደግፌ ከኮቱ ላይ ክር መልቀም ጀመረ። "እኔ ልብስ ሰፊ ሳለሁ፣" አለ በመጨረሻ፣ "መርፌ ከእጄ ሲወድቅ ቤት ውስጥ ያለውን ሁሉ እግርህን አታንቀሳቅስ እል ነበር። ልጄ ያኔ ገና ትድህ ነበር።" ሌላ አልጨመረም። ከመሳቢያው ማኅተሙን አወጣ፣ እፍ አለበት፣ መታው። ሦስት ወር የሚለውን ሰርዞ ስድስት አለ። "ለአውራጃው ቅጂውን ላክ። አህያይቱን ግን አውጣት፤ ሌላ ጥያቄ ታመጣለች።"

ወረቀቱን ይዤ በሩጫ ማለት ይቻላል ወጣሁ። አዴ ወርቅቱ ጤና ጣቢያው ጓሮ አንሶላ እያሰጡ አገኘኋቸው። በእርጥብ እጃቸው እንዳይነኩት እኔ ዘርግቼ አሳየኋቸው። አነበቡት። መስጫው ገመድ ሥር መሬት ላይ ተቀመጡና ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው አለቀሱ። የጻፍኩላቸውን ያን የሕመም ወረቀት አስታውሼ "ይቅርታ ያድርጉልኝ" አልኩ፤ ዘግይቼ ነው፣ ግን አልኩት።

"ጋላቶሚ፣ ተባረክ" አሉ ዐይናቸውን እየጠረጉ። "እኔ እስከ ማታ ከሥራ አልወጣም። ሄደህ ለኦቦ ኩምሳ ንገርልኝ። ከቅዳሜ ጀምሮ እህል አልቀመሱም አሉ። በእኔ ሳል ነው ክፍሉ የሚዘጋባቸው ብለው ነው።"

ሄድኩ። ሽማግሌው ከቤታቸው ደጃፍ ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል። የእግሬን ኮቴ ሰምተው ቀና አሉ።

"ኤኙ? ማነው?"

"እኔ ነኝ፤ ንዋይ፣ የቀበሌው ጸሐፊ።"

ፊታቸው ወደቀ። የቀበሌ ጸሐፊ ቤት ድረስ ሲመጣ ለምን እንደሚመጣ ሁሉም ያውቅ ነበር። "ተዘጋ?" አሉ።

"ተፈቀደ፣ ኦቦ ኩምሳ! ለስድስት ወር። ፋሲካ ቤታቸው ይቀደሳል።"

ወዲያው አላመኑኝም። እጃቸውን ዘርግተው እጄን ፈለጉና ያዙ። "ፍርፋሪዋን ያገኘህ ልጅ አንተ ነህ?" አሉ።

"አዎ።"

"አልረገጥካትም አይደል?"

"አልረገጥኳትም።"

እጄን ሳይለቁ ሳሙት። ከዚያ ለፋሲካ ሊዘጋጁ ተጣደፉ፤ ፋሲካ ገና ስድስት ቀን ነበረው። የለበሱትን ጋቢ ከትከሻቸው አወረዱና ጠቅልለው ሰጡኝ፤ በሸሚዝ ብቻ ቀሩ። "ይህን ለወርቅቱ አድርስልኝ። በዚህ ቆሻሻ ልብስ ጌታን አልቀበልም። ንጹሕ አድርጊልኝ በላት" አሉ።

በጠራራ ፀሐይ፣ በገበያ ቀን፣ በጊንጪ ዋና መንገድ ላይ የሽማግሌ ጋቢ በብብቴ ይዤ ወደ ጤና ጣቢያው ተመለስኩ። አንድ የማውቀው ሹፌር ከመኪናው መስኮት ብቅ ብሎ "ጓድ ጸሐፊ፣ ልብስ አጣቢ ሆንክ እንዴ?" ብሎ ሳቀብኝ።

"ለፋሲካ ነው" አልኩት፣ ጮክ ብዬ፤ ሰው ሁሉ ሰማኝ።